የኑክሌር ጣቢያ ጎረቤቶች የአደጋ ጊዜ ዕቅድ፤ ለአስኮና ለመሰል ሰፈሮች ትምህርት ቤቶች ምን ያስተምራል?

የእሳት ቃጠሎ ጭሱ ይታያል፤ ደራሽ ውኃ ከመድረሱ አስቀድሞ ድምፁ ይሰማል፤ ሊፈርስ የተቃረበ ግድግዳም አስቀድሞ ይሰነጠቃል። ሰው እነዚህን አደጋዎች በዐይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ ይሸሻቸዋል። ከኑክሌር ኀይል ማመንጫ ሊወጣ የሚችለው ጨረር አመንጪ ብናኝና ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም ድምፅም የለውም። በመሆኑም በእንዲህ ዓይነቱ ጣቢያ አካባቢ የሚኖር ሕዝብ አደጋ መድረሱን የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲነግረው ብቻ ነው። የተነገረውን ለመፈጸምም የነጋሪውን ቃል ማመን፣ የቃሉን ትርጉም መረዳትና ምን ማድረግ እንደሚገባው አስቀድሞ መማር ይኖርበታል። የኑክሌር ጣቢያ ጎረቤቶች የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የመሐንዲሶች ጉዳይ የመሆኑን ያህል የመምህራንም ጉዳይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ ሩቅ አይደለም። አገሪቱ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኀይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት ዘመን፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት ወቅት መንግሥት የኑክሌር ኀይል ማመንጫ ለመገንባት ማሰቡን ገልጿል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ለዚሁ ሥራ የሚያገለግል የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈርሟል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ከሐሳብ እስከ ሥራ ለመድረስ በተለምዶ ከ10 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይጠይቃል። ይህም ማለት ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን ጣቢያው ሥራ በሚጀምርበት ዘመን ሠራተኛ፣ ወላጅ ወይም መምህር ይሆናል ማለት ነው። ሥርዐተ ትምህርት የሚያቅድ ባለሙያ ጊዜውን መቁጠር ያለበት በዚህ ስሌት ነው።

ጣቢያው በሚገነባበት ቦታ ለሚኖሩት ብቻ ሳይሆን ለአስኮ መምህርም ነገሩ የሚጠቅመው በሌላ ረገድ ነው። በዓለም ላይ ከማናቸውም የአደጋ ጊዜ ዕቅዶች ሁሉ ይበልጥ የታሰበበት፣ የተጻፈበትና በተግባር የተፈተነው በኑክሌር ጣቢያዎች ዙሪያ ያለው ዕቅድ ነው። ሲሳካ የተሳካው ለምን እንደሆነ፣ ሲከሽፍም የከሸፈው የት ላይ እንደሆነ በዝርዝር ተመዝግቧል። ከፋብሪካ፣ ከነዳጅ ማደያ፣ ከወንዝ ወይም ከገደል አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ከዚህ መዝገብ ብዙ ሊወስድ ይችላል።

ክበቦቹና የአስኮ ካርታ

የኑክሌር ጣቢያ የአደጋ ዕቅድ የሚጀምረው ከካርታ ነው። ጣቢያው እንደ መሐል ነጥብ ተወስዶ በዙሪያው ክበቦች ይሠራሉ። የአቶሚክ ኀይል ኤጀንሲው ለትላልቅ ማመንጫዎች በሚሰጠው ምክር መሠረት የመጀመሪያው ክበብ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነው። በዚህ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ከባድ ችግር መከሠቱ እንደታወቀ፣ ጨረር እስኪወጣ ወይም እስኪለካ ሳይጠበቅ፣ ወዲያውኑ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው ክበብ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በዚያ ያለው ሕዝብ ቤቱ ውስጥ ተዘግቶ እንዲቆይ ወይም እንዲለቅ የሚነገረው እንደ ነፋሱ አቅጣጫና እንደ ልኬቱ ውጤት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፊ ቦታ የሚያሳስበው በምግብና በውኃ በኩል ነው። በአሜሪካም ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ የመጀመሪያውን ክበብ 16 ኪሎ ሜትር፣ የምግቡን ክበብ 80 ኪሎ ሜትር ያደርጋል።

እነዚህ ቁጥሮች በተማሪ አእምሮ ትርጉም የሚያገኙት በሚያውቀው ምድር ላይ ሲቀመጡ ነው። በአስኮ የኑክሌር ጣቢያ የለም፤ ለትምህርት ያህል ግን የኮምፓሱ ሹል አስኮ ላይ ተተክሎ የ16 ኪሎ ሜትር ክበብ ቢሠራ ቡራዩንና ገፈርሳን በምዕራብ፣ እንጦጦን በሰሜን ምሥራቅ፣ መርካቶንና ፒያሳን በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ጠቅልሎ ይወስዳል። ተማሪው እናቱ የምትነግድበት ገበያ፣ አባቱ የሚሠራበት ጋራዥና ራሱ የሚማርበት ክፍል በአንድ ክበብ ውስጥ መሆናቸውን በዚህ ጊዜ ይገነዘባል። ክበቡ ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ጤና ጣቢያ፣ ስንት የመውጫ መንገድ እንዳለ እንዲቆጥር ቢታዘዝ የጂኦግራፊው ትምህርት የዕቅድ ትምህርት ይሆናል። አስኮ ወደ ምዕራብ የሚወጣው በአምቦ መንገድ ነው፤ ከባድ መኪናውም፣ ሚኒባሱም፣ አምቡላንሱም የሚተማመኑት በዚያው መንገድ ላይ ነው። ካርታ ላይ ያለ ክበብ ክብ ቢሆንም ሰው የሚሸሸው ግን በክብ ሳይሆን በመንገድ ነው። ብዙ ዕቅድ በወረቀት ላይ አምሮ በመሬት ላይ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

የ16 ኪሎ ሜትሩ ደንብ ራሱ የወጣው ከመደናገር ነው። መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ የአንዱ ማመንጫ እምብርት በከፊል ቀለጠ። ከጣቢያው ውጭ የወጣው ጨረር አነስተኛ ነበር። ሆኖም ባለሥልጣናቱ የሚሰጡት መግለጫ እርስ በርሱ ይጋጭ ስለነበር ሕዝቡ ማንን እንደሚያምን ጠፋው። በሦስተኛው ቀን የግዛቱ አገረ ገዢ በ8 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚገኙ ነፍሰ ጡር ሴቶችና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት እንዲርቁ መከሩ፤ በተግባር የሄደው ግን ወደ 140 ሺህ የሚገመት ሰው ነበር። ሰው የተነገረውን ብቻ ሰምቶ አይንቀሳቀስም። ያልተነገረውንም ይገምታል።

የወተቱ ነገር

በቸርኖቤል የደረሰው እጅግ የከፋ ነው። ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ የጣቢያው አራተኛ ማመንጫ ፈነዳ። ከጣቢያው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የፕሪፕያት ከተማ ወደ 49 ሺህ ሕዝብ ነበራት። በዚያው ቅዳሜ ጧት የከተማዋ ተማሪዎች እንደወትሮው ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ፤ ሕፃናት ከደጅ ሲጫወቱ ዋሉ። ከተማዋ እንድትለቀቅ የተደረገው በማግሥቱ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ፣ ከ1,000 በላይ አውቶቡሶች ተሰልፈው ነው። ነዋሪው ለጥቂት ቀናት የሚሆን ዕቃ ብቻ እንዲይዝ ተነግሮት ወጣ፤ አልተመለሰም።

በአደጋው ወቅት ሕፃናት በነበሩ ሰዎች ላይ ከፍተኛውን ጉዳት ያደረሰው ግን የአውቶቡሶቹ መዘግየት ብቻ አልነበረም። ከፍንዳታው ከወጡት ንጥረ ነገሮች አንዱ አዮዲን 131 የሚባለው ነው። ይህ አዮዲን በነፋስ ተጉዞ ሣር ላይ ያርፋል፤ ላም ሣሩን ትግጣለች፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ወተቷ ይገባል፤ ወተቱን የጠጣ ሕፃን የታይሮይድ ዕጢ (አንገት ላይ ያለው፣ ሲያብጥ እንቅርት የሚሆነው ዕጢ) አዮዲኑን ለይቶ ያጠራቅመዋል። የሕፃን ዕጢ ትንሽ በመሆኑ በዚያው መጠን የሚያርፍበት ጨረር ከዐዋቂው ይበዛል። በገጠር የነበሩ ቤተሰቦች ከደጃቸው ላም እያለቡ ልጆቻቸውን ማጠጣታቸውን ቀጠሉ፤ አትስጡ ብሎ በጊዜው የነገራቸው አልነበረም። በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በሩሲያ በአደጋው ጊዜ ሕፃናትና ወጣቶች ከነበሩት መካከል እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ሕሙማን ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ በሕክምና ድነዋል፤ ከዚህ ቁጥር ውስጥም ከፍ ያለው ድርሻ የመጣው ከዚያ ወተት እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ውጤቶች ሳይንሳዊ ኮሚቴ ገልጿል።

ጥቂት ሳምንታት ትኩስ ወተት ሳይጠጡ መቆየት ይቻል ነበር። አዮዲን 131 በየ8 ቀኑ በግማሽ የሚቀንስ ነገር ነው። የሒሳብ መምህር ይህን ለተማሪዎቹ ሊያሠራቸው ይችላል፤ ከ80 ቀን በኋላ፣ ማለትም ዐሥር ጊዜ በግማሽ ሲቀንስ፣ ከመጀመሪያው መጠን የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ ያነሰ ነው። ስለዚህ አዮዲን ብቻ የነካው ወተት ተንጦ ቅቤው ተነጥሮ ለወራት ቢቀመጥ የአዮዲኑ ጉዳይ በራሱ ያልቃል። በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት የሚፈጀው ሲዚየም 137 ካለበት ግን ይህ አይሠራም፤ መለካት ያስፈልጋል። በአስኮና በቡራዩ ዳርቻ ከጎረቤት ላም ወተት የሚገዛ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። «ላሟን ከደጅ አታሰማራ፤ የተከማቸ ድርቆሽ አብላት፤ ትኩስ ወተት ለልጅ አትስጥ» የሚል መልእክት በአንድ ቀን ውስጥ ከየቤቱ ሊያደርስ የሚችል መሣሪያ ቢፈለግ ከተማሪ የተሻለ መልእክተኛ አይገኝም።

ከዚሁ ጋር የሚነሣው የአዮዲን እንክብል ነው። ጨረር የሌለው አዮዲን በጊዜው የወሰደ ሰው ዕጢው ስለሚሞላ ጨረራማውን አይቀበልም። ፖላንድ በቸርኖቤል ጊዜ ዝርዝሩ ከሶቪዬት መንግሥት እስኪመጣ ሳትጠብቅ ከሚያዝያ 21 ቀን ጀምራ ለ10.5 ሚሊዮን ሕፃናትና ለ7 ሚሊዮን ያህል ዐዋቂዎች የአዮዲን መድኀኒት አድላለች። እንክብሉ ሌላውን የሰውነት ክፍል ከጨረር አይጠብቅም፤ የገበታ ጨውም ምትኩ አይሆንም። ስለ ጨው ከተነሣ፣ ከቸርኖቤል የተገኘ አንድ ቁም ነገር ኢትዮጵያን በቀጥታ ይመለከታል። በምግቡ ውስጥ አዮዲን ያነሰው ሕፃን ዕጢው የተራበ ስለሆነ ጨረራማውን አዮዲን ይበልጥ ይስባል። እንቅርት በብዙ አካባቢዎች የኖረባት ኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ አውጥታለች። የሳይንስ መምህሩ ስለ ጨው የሚሰጠው የጤና ትምህርት እንግዲህ ለሌላም ቀን ስንቅ ነው።

«ክፍት ቦታ» የሚለው ቃል

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በጃፓን ከተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል በኋላ በፉኩሺማ ዳይቺ ጣቢያ የደረሰው ሌላ ዓይነት ትምህርት ሰጥቷል። የመልቀቅ ትእዛዙ በመጀመሪያው ማታ 2 ኪሎ ሜትር፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 3፣ በማግሥቱ ጧት 10፣ በዚያው ቀን ማታ 20 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከአንድ መጠለያ ወደ ሌላው ደጋግሞ የተፈናቀለ ቤተሰብ ብዙ ነበር። ከሆስፒታልና ከአረጋውያን ማደሪያ ያለ በቂ ሐኪምና መድኀኒት በጥድፊያ ከተጓጓዙት መካከል ከ50 በላይ ሕሙማን በጉዞው ላይ ወይም ወዲያው ከዚያ በኋላ ሞቱ። በጨረሩ ምክንያት በሕዝቡ ጤና ላይ ተለይቶ የታየ ጉዳት እንደሌለ የተባበሩት መንግሥታቱ ኮሚቴ ሲገልጽ፣ በመፈናቀሉና እርሱን ተከትሎ በመጣው እንግልት የሞቱት ግን በፉኩሺማ አውራጃ ብቻ ከ2,000 ይበልጣሉ። መሸሽ ሁልጊዜ ከመቆየት የተሻለ አይደለም። በብሎኬት የተሠራ፣ መስኮቱ የሚዘጋ የመማሪያ ክፍል ለአንድና ለሁለት ቀን ጥሩ መጠለያ ሊሆን ይችላል፤ በየግድግዳው ነፋስ የሚያስገባው የጭቃ ቤት ግን ያን ያህል አይከልልም። ዕቅድ አውጪው ይህን ልዩነት ቤት ለቤት ማወቅ ይኖርበታል።

በዚያው ዕለት በማዕበሉ በኩል የደረሰው የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነገር ለመምህራን ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በኢሺኖማኪ ከተማ አስተዳደር ሥር፣ ከባሕር 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በወንዝ ዳር ይገኝ ነበር። ምድሪቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ተናወጠች። መምህራኑ ተማሪዎቹን በሥርዐት ከክፍል አውጥተው ሜዳ ላይ አሰለፏቸው፤ ስም ጠሩ። እስከዚህ ድረስ ያደረጉት ሁሉ ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ሲወያዩ 50 ደቂቃ ያህል አለፈ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ ነበር። በመጨረሻ ወደ ወንዙ ድልድይ አቅጣጫ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ማዕበሉ ደረሰባቸው። ከ108 ተማሪዎች 74ቱ፣ በቦታው ከነበሩት 11 መምህራንም 10ሩ አለቁ።

የትምህርት ቤቱ የአደጋ መመሪያ ቀድሞውኑ ተጽፎ ነበር። ማዕበል ቢመጣ የመሸሻው ቦታ የት እንደሆነ በሚገልጸው መስመር ላይ የሰፈረው ግን በአቅራቢያ የሚገኝ ክፍት ቦታ ወይም መናፈሻ የሚል ነበር። ያ ቦታ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በተባለው ዓይነት ሊጠቀስ የሚችል ቦታም በአካባቢው አልነበረም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2012 ዓ.ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲጸና ጥፋቱ የተጣለው በዚያች ሰዓት በተጨነቁት መምህራን ላይ ብቻ አልነበረም። መመሪያውን አስቀድመው ሳያስተካክሉ፣ የተጻፈውም ከመሬቱ ጋር መግጠም አለመግጠሙን ሳይመረምሩ በቀሩት የትምህርት አስተዳደር አካላት ላይም ነው። በየትምህርት ቤቱ ፋይል ውስጥ «ተማሪዎች ወደ አስተማማኝ ቦታ ይወሰዳሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ቦታው በስሙ ተጠርቶ እስኪጻፍ ድረስ ያ ፋይል ባዶ ነው።

ኮሼ፣ ጎፋና የኡኡታው ድምፅ

በቀንና በወር ከፉኩሺማው ጋር የገጠመ አደጋ በራሱ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ደርሷል። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ በተለምዶ ኮሼ በሚባለው የረጲ የቆሻሻ መጣያ ለዐሥርት ዓመታት የተከመረው ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። የኮሼን ክምር ያላየ የሰፈሩ ሰው አልነበረም፤ ከጨረር በተቃራኒ ይህ አደጋ ይታይም ይሸትም ነበር። ያልነበረው በክምሩ ዙሪያ የተሠመረ ክበብ፣ ክምሩ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን የሚለካ ሰው፣ ሲንቀሳቀስም ነዋሪውን የሚያስጠነቅቅ ድምፅ ነበር። አደጋን በየቀኑ እያዩ መኖር ከመዘጋጀት ይልቅ ያላምዳል፤ በኑክሌር ጣቢያዎች ዙሪያ በየጊዜው የሚደረገው ልምምድም ይህን መላመድ ለመስበር ይረዳል።

ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት ናዳ ደግሞ ሌላ ገጽታ አለው። መጀመሪያ የተናደው መሬት ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ። ጩኸቱን የሰማው ጎረቤት፣ የአካባቢው ኀላፊና መምህር ሳይቀር፣ በእጁም በአካፋም ሊያወጣቸው ተሰበሰበ። በዚህ መካከል ሁለተኛው ናዳ ወርዶ የረዳቶቹን ብዛት ከመጀመሪያዎቹ ሰለባዎች አስበለጠው። የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ።

በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ዘንድ ኡኡታ «ድረሱልኝ» ማለት ነው፤ የሰማ ሁሉ ወደ ድምፁ ይሮጣል። የዕድር ጥሩምባም ሲነፋ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ጆሮውን ያቀናል። ይህ ባህል አያሌ ሰዎችን ከእሳትና ከውኃ አድኗል፤ ሊናቅም ሊተውም የሚገባው አይደለም። የኑክሌር ጣቢያ ማስጠንቀቂያ ግን ሕዝቡን የሚለምነው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ወደ ቤት ግባ፣ በርና መስኮት ዝጋ፣ ሬዲዮ ክፈት፣ አትምጣ ይላል። የኬሚካል አደጋም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይላል፤ የናዳም አትምጣ ይላል። አንድ ኅብረተሰብ ለዘመናት ድምፅ ሲሰማ ወደ ደጅ መውጣትን ከለመደ፣ ሳይረን የተባለ አዲስ ጩኸት ተክሎ ወደ ውስጥ ይገባል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ከውጭ አገር የተቀዳ ዕቅድ ሁሉ መጀመሪያ ሊታረም የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ማረሚያውም ከዚያው ከባህሉ ሊወጣ ይችላል። ዕድር በየቤቱ ማን እንዳለ፣ የትኛው ሽማግሌ አልጋ ላይ እንደዋለ፣ የትኛዋ እናት አራስ እንደሆነች ያውቃል፤ ድንኳን አለው፤ መዝገብ አለው፤ ጥሩምባ ነፊ አለው። ለመውጣት አንድ ዓይነት፣ ለመግባት ሌላ ዓይነት አነፋፍ ተወስኖ ልጆችም ዐዋቂዎችም በልምምድ ቢያውቁት በብዙ ገንዘብ የሚገዛ ሳይረን የሚሠራውን ሥራ ከፊሉን ይሠራል። በትምህርት ቤትም የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ለመግቢያና ለዕረፍት እንደሚመታ ሁሉ፣ ለ«ውጡ» እና ለ«ግቡ» የተለያየ አመታት ሊኖረው ይችላል። ሁለቱ አመታቶች እንዳይቀላቀሉ አንዱ ረጅምና ያልተቋረጠ፣ ሌላው ሦስት ሦስት እየሆነ የሚቆራረጥ መሆኑ ለሕፃናት ጆሮ ይስማማል።

በአስኮ ትምህርት ቤት የሚጻፈው ዕቅድ

ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ ወደ አስኮ ሲመለስ የመጀመሪያው ሥራ የጎረቤቱን ማንነት መለየት ነው። በሰፈሩ ስማቸው የታወቀ የጫማና የጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካዎች ተሠርተውበታል፤ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች በአምቦ መንገድ ያልፋሉ፤ በስተምዕራብ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርበው የገፈርሳ ግድብ አለ፤ ክረምት ሲሆን የሚሞሉ ወንዞችና ጅረቶች በየመንደሩ ያቋርጣሉ። ይህ ሰውን ለማስፈራራት የተዘረዘረ አይደለም። በድሬዳዋ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የወረደው ደራሽ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደው በበጋ ደርቆ ሕፃናት ኳስ የሚጫወቱበት በሆነ የወንዝ መውረጃ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከነዚህ ጎረቤቶቹ የትኛው ይበልጥ እንደሚቀርበው ርእሰ መምህሩ በእግሩ ሄዶ፣ ርቀቱን በእርምጃ ለክቶ ሊያውቅ ይገባል። በየፋብሪካው ውስጥ ምን ዓይነት ነገር እንደሚከማች መጠየቅም የትምህርት ቤት መብት ነው።

ጨረር ራሱም ከጣቢያ ውጭ ሊገኝ ይችላል። በመስከረም 1980 ዓ.ም. በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ከተተወ የሕክምና ክሊኒክ ሁለት ሰዎች አንድ የከባድ ብረት ዕቃ አውጥተው ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ውስጡ የነበረው የሲዚየም ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ ቤተሰብና ጎረቤት እንደ ብርቅ ነገር ተከፋፈለው፤ ሕፃናትም ገላቸውን ተቀቡት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ 249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ፤ ወደ 112 ሺህ ሕዝብ ተመረመረ። ቆራሌው በየመንደሩ እየተጣራ ብረታ ብረት በሚሰበስብበት፣ ከዚያም መርካቶ በሚያደርስበት ከተማ ይህ ታሪክ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ቢጫ መደብ ላይ ያለውን ባለ ሦስት ክንፍ ጥቁር የጨረር ምልክት ለይቶ ማወቅ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው። ምልክቱ ያለበትን ዕቃ ያየ ልጅ ሳይነካው ርቆ እንዲነግር፣ የተነገረውም ዐዋቂ ወደ አዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 እንዲደውል ማስተማር ይበቃል።

ለዚህ ሁሉ አዲስ የትምህርት ዓይነት መፍጠር አያስፈልግም፤ መምህራን ያለባቸው ጫናም ይህን አይፈቅድም። ካርታው በጂኦግራፊ፣ የአዮዲኑ መቀነስ በሒሳብ፣ ዕጢውና ጨው በሥነ ሕይወት፣ የማስታወቂያው አጻጻፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሊሰጥ ይችላል። የመጨረሻው በተለይ ቀላል አይደለም። አስኮ ከሸገር ከተማ ጋር የሚዋሰን፣ ሁለቱም ቋንቋዎች የሚነገሩበት ሰፈር ስለሆነ በአንድ ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ የሰፈሩን ከፊል ሕዝብ ሳያስጠነቅቅ ይቀራል። ተማሪዎች ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን፣ ማለትም ምን እንደደረሰ፣ አሁን ምን እንደሚደረግና ቀጣዩ ቃል መቼ እንደሚነገር፣ በሁለቱም ቋንቋዎች ቢጽፉ ጥሩ ልምምድ ይሆናል።

ከዕቅዱ ሁሉ በተግባር የሚከብደው ልጅን ለወላጅ ማስረከብ ነው። አደጋ ሲሰማ ወላጅ ከመርካቶም ከፒያሳም ቢሆን መጀመሪያ የሚሮጠው ልጁ ወዳለበት ትምህርት ቤት ነው፤ ይህን የሚከለክል ማስታወቂያ እስካሁን በየትኛውም አገር አልተገኘም። በመሆኑም አንዳንድ የኑክሌር ጣቢያ አካባቢዎች ተማሪዎችን በቅድሚያ ወደተወሰነ ሌላ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ አጓጉዘው ወላጅ እዚያ እንዲረከብ ያደርጋሉ፤ የዚያም ትምህርት ቤት ስም በዓመቱ መጀመሪያ ለወላጅ በጽሑፍ ይሰጣል። በአስኮ አውቶቡስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ማለት ዘበት ነው። የሚቻለው ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን በውስጡ ይዞ ለማቆየት መዘጋጀቱ ነው። በምገባው መርሐ ግብር ምክንያት ወጥ ቤትና የእህል መጋዘን ያላቸው ትምህርት ቤቶች ለዚህ ግማሽ መንገድ ተጉዘዋል፤ የሚጎድላቸው የሮቶ ውኃ፣ የባትሪ ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪና የመስኮት መዝጊያ ፕላስቲክ ነው።

ወላጅ ሲደርስ በሩ ላይ የሚጠብቀው ሰው፣ የሚፈረምበት መዝገብና የሚረከቡ ሰዎች ስም ዝርዝር አስቀድሞ መኖር አለበት። ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ቢያንስ ሁለት ተረካቢዎች በምዝገባ ጊዜ ይመዘገባሉ፤ ጎረቤት ወይም የዕድር አባል ቢሆንም ይፈቀዳል። ስልክ በእንዲህ ያለ ሰዓት ስለሚጨናነቅ ዝርዝሩ በወረቀት ላይ፣ ከመዝገብ ቤት ውጭ በሌላም ሰው እጅ ይቀመጣል። በልምምዱም ቀን ጥቂት ወላጆች ተጋብዘው በእውነት መጥተው፣ ተሰልፈው፣ ፈርመው ይረከቡ፤ የመጀመሪያው ልጅ ከደወሉ በኋላ በስንት ደቂቃ እንደወጣ፣ የመጨረሻው ደግሞ በስንት ደቂቃ እንደተረከበ በሰዓት ተይዞ ይጻፍ። ስሙ በዝርዝሩ ላይ ያልተገኘ ተረካቢ መጥቶ ልጁን ሲጠይቅ በሩ ላይ ያለው መምህር ምን እንዳደረገም በዚያው ገጽ ላይ ይመዝገብ።